የሰማይን ብረት ያጣጣልኩበት ሳምንት

መርካቶ ምናለሽ ተራ ሥራ ስጀምር አሠሪዬ የነበሩት ሐጂ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ሚዛን አያያዝ አልነበረም፤ ፊት አያያዝ ነበር። «ልትገዛው የፈለግከውን ዕቃ አታድንቅ» ይሉኝ ነበር። «ሞተሩ ወርቅ ቢሆን እንኳ አንተ ዝገቱን እይ። ሻጭ ያመሰግናል፣ ገዢ ያጣጥላል፣ መሃል ላይ ትገናኛላችሁ።» ሠላሳ ዓመት በዚህች ቃል ኖርኩ። «ቆራሌው» እያልኩ ሰፈር ለሰፈር ከመዞር ተነስቼ የአሮጌ ብረት መጋዘን የከፈትኩት በእሷው ነው። አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ጂንካ ሄጄ ያጠፋሁት ጥፋት ከሌላ ከየትም እንዳልመጣ እንድታውቁልኝ ነው።

ነገሩን ያመጣው የአይሱዙ ሾፌር ደንበኛዬ ነው። ከጂንካ ሙዝ ጭኖ ይመጣል፣ ከእኔ ቁርጥራጭ ላሜራ ይዞ ይመለሳል። አንድ ቀን ሙዙን ሲያራግፍ፣ ከጂንካ በላይ ባለው የአሪ ተራራ አንድ ቀጥቃጭ ከሰማይ የወረደ ብረት ቤቱ እንዳስቀመጠ አወራኝ። «እንዲህ ያለውን በግራም ነው የሚገዙት አሉ» አለ። እኔ ብረት የማውቀው በኩንታል ነው። በግራም የሚሸጥ ብረት አለ ሲሉኝ ምሳዬ አልበላ አለኝ።

ሰኞ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሳ። አጠገቤ የተቀመጡት ወደ አርባ ምንጭ ልጃቸውን ሊያዩ የሚሄዱ እናት ነበሩ። ዝዋይን ሳናልፍ የት እንደምሄድ፣ ስንት ልጅ እንዳለኝ፣ ለምን እንደከሳሁ ጠይቀው ጨረሱ።

«ምን ልትሠራ ነው ጂንካ ድረስ?»

«ድንጋይ ልገዛ ነው እናቴ።»

ዞር ብለው አዩኝ። «አዲስ አበባ ድንጋይ አለቀ?»

ከሰማይ የወረደ ነው ስላቸው ማማተብ ጀመሩ። እሳቸው እንደሚሉት ኮከብ ሲወርድ አንድ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው። እናቴም እንደዚሁ ትል ነበር፤ ማታ ኮከብ ተወርውሮ ሲጠፋ «ነፍስ ይማር» ሳትል አትገባም። ሴትየዋ ግን ጨመሩበት፤ «ድንጋይ ሆኖ ከወረደማ ከባድ ሰው ነው የሞተው። እንዲህ ያለውን ቤትህ አታስገባ።» ከዚያ ከፌስታላቸው ቆሎ አውጥተው እስከ ሶዶ ድረስ እጄን ባዶ አላደረጉትም። ምክራቸውን ጥዬ ቆሎውን በላሁ።

አርባ ምንጭ አደርን። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ውሃ ስለሌለ ይቅርታ ጠይቆ ከራሱ ቤት በጀሪካን አመጣልኝ። መርካቶ ውሃ ሲጠፋ ባለቤቱ ይሳደባል እንጂ ይቅርታ አይጠይቅም። እግሬን ታጥቤ፣ ቀሪው ነገ ለሚመጣ እንግዳ ይሁን ብዬ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ኮንሶ ላይ ሰዉ ተራራውን በድንጋይ እርከን ሸንሽኖታል። የእኛ ሰው ድንጋይ ሲያይ ወይ ይሸጠዋል ወይ ይወረውረዋል፤ እነሱ ደርድረው እህል ያበቅሉበታል። ከዚያ ወደ ወይጦ ቆላ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ማቅለጫ ቤት ደጃፍ ገጨን፤ እሱ ሳያንስ የኋላው ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማ ከፈነዳው ይብስ ነበር። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆምን።

መንገድ ዳር ፍየል የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ ሲያየኝ ቆይቶ መጣና የያዛትን ትንሽ የእንጨት በርጩማ ዘረጋልኝ። እዚያ አገር ወንድ ያለ በርጩማው አይንቀሳቀስም፤ ይቀመጥባታል፣ ሲተኛም ይንተራሳታል። ቋንቋ አልተግባባንም። እኔ ተቀመጥኩ፣ እሱ ቆመ። ጎማው ተሠርቶ ስነሳ በርጩማውን ወሰደና ሄደ። እኔ በልማዴ ስንት ሊለኝ ነው እያልኩ ነበር የተቀመጥኩት።

ቁልቁለቱና ዳገቱ አልቆ ጂንካ ስንደርስ አመሻሽ ነው። ከተማዋ መሃል አሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ አለ፤ ሣር በቅሎበት ከብት ይግጥበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል። ያን የመሰለ ሜዳ መርካቶ መሃል ቢገኝ እስኪነጋ ሱቅ ይሆን ነበር።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ወደ አሪ ተራራ የሚወስደኝ የሞተር ብስክሌት ነጂ ማርቆስ ይባላል፤ እዚያው ተራራ ላይ ተወልዶ ጂንካ የሚሠራ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ገደማ የሆነው ቀጭን ሰው ነው። ጠዋት መጥቶ ጭቃውን በእግሩ ለካና «ጋሼ፣ ዛሬ ከወጣን የምንወርደው በቃሬዛ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ባረፍኩበት ቤት በረንዳ ላይ አንድ የፊዚክስ መምህር ተቀምጦ ፈተና ያርማል። ክፍሉን በወር ነው የተከራየው። ስሜንና ለምን እንደመጣሁ ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጋሽ ተካ፣ እውነተኛ ከሆነ ምልክት አለው። ላዩ ጥቁር ነው፣ ሲወርድ ተቃጥሏል። ሊጥ በአውራ ጣት የተጫኑት የሚመስል ጎድጓዳ ይኖረዋል። ማግኔት ይስባል። ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ካለው ግን የእቶን ትራፊ ነው።»

«አረ ብረት ማለትህ ነው?»

«እሱ። ደግሞ እንዳትሞርደው፣ ውሃም እንዳታስነካው።»

ዝናቡ አላቆመም፤ እሱም አላቆመም። ድሮ ሰው ብረት ማቅለጥ ሳያውቅ ከሰማይ በወደቀው ብረት ቢላዋ ይሠራ ነበር አለኝ። የግብፅ ነገሥታት ሲቀበሩ አብሮ ይቀበር ነበር። ከዚያ ዘመን አለፈና የአውሮፓ ሊቃውንት ድንጋይ ከሰማይ አይወድቅም አሉ። ገበሬ ከማሳው ትኩስ ድንጋይ አንስቶ ሲያመጣላቸው ይስቁበት ነበር።

«ሊቅ ሆነው እንዴት?»

«ያላመኑት ድንጋዩን አልነበረም» አለ መምህሩ። «ያመጣውን ሰው ነበር።»

ጥሩ አባባል ነው ብዬ ሻዩን ከፈልኩለት። ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም።

ሐሙስ

ዝናቡ አባራ፤ ጭቃው ግን የትም አልሄደም። ሁለት ጊዜ ወደቅን። በሁለተኛው ማርቆስ ላይ ወደቅኩና «ጋሼ፣ አንተም የሰማይ ድንጋይ ነህ እንዴ?» አለኝ ከሥሬ ሆኖ። የመጨረሻውን አንድ ሰዓት ሞተሩን ለገበሬ አደራ ሰጥተን በእግር ወጣን። ጉሙ ቁልቁል ወርዶ እንሰቱን ሸፍኖታል፣ ከቅጠሉ ውሃ ይንጠባጠባል፣ የሰው ድምፅ እንጂ ሰው አይታይም። የመንደሩን ስም አልጽፈውም። በድዬያቸዋለሁ፣ አድራሻቸውን ደግሞ አልጨምርበትም።

ቀጥቃጩ አቶ ደምሴ ስድሳ የሞላው፣ ክንዱ ገና የጎልማሳ የሆነ ሰው ነው። ጭቃ የለበሰውን ሱሪዬን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ የራሱን አመጣልኝ። ባለቤቱ ጎደሬ ቀቅላ፣ ሚጥሚጣ ከጎመን ጋር አቀረበችልን። እሳቱ ዳር አስቀመጡኝ። እኔ ቤት ያልታወቀ ሰው እንዲህ በጭቃ ተለውሶ ቢመጣ ዘበኛው ከበር ይመልሰዋል።

አመሻሽ ላይ አንድ ሽማግሌ ገቡ፤ ጎረቤቱ አቶ ወልዴ ናቸው። ገበሬ ናቸው፣ መሬታቸው ሰፊ ነው፣ ቃላቸው ይሰማል። የአቶ ደምሴ ሚስት በትልቅ ቅል የእህል መጠጣቸውን ቦርዴን ቀዳች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጉንጭ ለጉንጭ ገጠሙና ከአንዱ ቅል በአንድ ጊዜ ጠጡ፤ ከአገጫቸው የፈሰሰው የማን እንደሆነ አይለይም።

ማርቆስ በክርኑ ነካኝ። እሱ ጴንጤ ነው፣ አይጠጣም፤ ዓይኑ ግን ቅሉ ላይ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄን አይተህ አትለፈው። እኔ ልጅ ሳለሁ ገበሬ ከቀጥቃጭ ጋር አይጠጣም ነበር። ቤቱ አይገባም። ማረሻውን ሠርቶ ሲሰጥህ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል፣ አንተ ከመሬት ታነሳዋለህ።»

ለመገረም ፊት አልነበረኝም። ባደግኩበት ደጋም ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ተብሎ ልጅ ይደበቅበታል፤ እንጀራ የቆረስንበትን ቢላዋ ግን የሠራው እሱ ነው።

«ታዲያ ምን ለወጠው?»

«ድንጋዩ ነዋ።»

አቶ ደምሴ ራሱ ነገረኝ። አማርኛው አጭር ነው። «አምስት ዓመት ሆነ። ከሰማይ መብራት መጣ፣ እንደ መኪና። ከዚያ ጮኸ። ከብት ገመድ በጠሰ። መንደሩ ሁሉ አየ። ጠዋት እኔ እንሰት ውስጥ ገባሁ፤ ተሰንጥቋል። ሥሩ ጉድጓድ። ቆፈርኩ። አገኘሁ።»

መንደሩ ተሰብስቦ መከረ። አንዳንዱ ቁጣ ነው አለ፣ ሰባኪው የመጨረሻው ዘመን ምልክት ነው አሉ፣ በመጨረሻ ሽማግሌዎች ሰማይ ቤት መርጧል አሉ። ሰማይ የመረጠውን ቤት ሰው አይጠየፍም ተባለ። መጀመሪያ አንዱ ገባ፣ ቀጥሎ ሌላው። አሁን የአቶ ደምሴ ልጅ ኢሳያስ የአቶ ወልዴን ልጅ ታደለችን ሊያገባ ነው። የገበሬ ልጅ ለቀጥቃጭ ልጅ ስትዳር በመንደሩ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ሽማግሌዎቹ ቃሉን ሊያጸኑ የተቀጣጠሩት በማግሥቱ ዓርብ ነበር።

ኢሳያስ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ እንጨቱን እየቆሰቆሰ እሳቱን አቀረበልኝ። «አጋጣሚ ነው ጋሼ» አለኝ። «ብረት የሚያውቅ ሰው በዚሁ ቀን መምጣቱ።»

ለማርቆስ በጆሮው «ይሸጣል?» አልኩት።

«አይሸጥም።»

የማይሸጥ ዕቃ የለም፣ በደንብ ያልተጣጣለ ዕቃ ነው ያለው አልኩ በልቤ። ይሄም የሐጂ ቃል ነው።

ዓርብ

ጠዋት ጉሙ እንዳለ ነው። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ግቢው ውስጥ በእንሰት ቅጠል ላይ ተቀምጠዋል፣ ቦርዴው በቅል በቅል ተቀድቶ ይጠብቃል። አቶ ወልዴ ተነስተው በቋንቋቸው ተናገሩ፤ ማርቆስ ተረጎመልኝ።

«ከአዲስ አበባ የብረት አዋቂ መጥቷል፣ ልጄን ከመስጠቴ በፊት እሱ አይቶ ይናገር፣ ከዚያ እንጠጣለን ነው የሚሉት።»

አቶ ደምሴ ከጓዳ በቁርበት የተጠቀለለ ነገር አቅፎ አወጣና እግሬ ሥር ፈታው። የሕፃን ራስ ያክላል። ሳነሳው ወገቤን ያዘኝ። ጥቁር ነው። አውራ ጣቴን ጎድጓዳው ውስጥ ሳስገባ ልክክ አለ። አገላበጥኩት፤ አንዲት ቀዳዳ የለችም። ከኪሴ በሲባጎ የታሰረች ማግኔቴን አወጣሁ፤ ገና ሳላስጠጋት ከእጄ ዘላ ተጣበቀች።

ሠላሳ ዓመት ብረት ሳገላብጥ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ፊቴን ግን ያዝኩ። ማግኔቷን አላቅቄ ኪሴ ከተትኩ፣ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ፣ ከንፈሬን ጣል አደረግኩ።

«ይሄማ አረ ብረት ነው» አልኩ። «ድሮ አያቶቻችሁ ብረት ያቀልጡ ነበር አይደል? ከእቶን የተረፈ ነው። መሬት ሲቆፈር ይወጣል። እኛ ጋ በነፃ ነው የሚጣለው።»

ማርቆስ አፉን ከፍቶ አየኝ። «ጋሼ፣ ልተርጉመው?»

«ለምን አመጣሁህ ታዲያ?»

ተረጎመው።

ይሄንን ቃል ምናለሽ ተራ ብናገረው ሻጩ «አንተን ብሎ ገዢ! ዓይንህን ታከም!» ይለኛል፤ እኔ ልሄድ እመስላለሁ፣ እሱ ይጠራኛል፣ እንስማማለን። እዚህ ማንም አልተሳደበም። አቶ ወልዴ ብቻ በአማርኛ ጠየቁኝ፤

«እርግጠኛ ነህ?»

«አቶ ወልዴ፣ እኔ ብረት ውስጥ ነው ያደግኩት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የያዙትን ቅል መሬት ላይ አስቀመጡት፣ ሳይጠጡ። ተነሱ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ቅላቸውን እያስቀመጡ ተከተሏቸው። ማንም ክፉ አልተናገረም፣ ማንም ወደ አቶ ደምሴ ዞር ብሎ አላየም። ግቢው ውስጥ የቀረው ሃያ ቅል ቦርዴና የሚወርድበት ዝንብ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ አሁንም ድርድሩ በደህና ተጀምሯል ብዬ ነበር የተቀመጥኩት።

ነገሩን ያስረዳኝ ማርቆስ ነው። ከአጥሩ ውጭ ወስዶ በሹክሹክታ ጮኸብኝ። «ምን እንዳደረግክ አውቀሃል? ብርሃኑን መንደሩ ሁሉ አይቷል። ድንጋዩን ያገኘው ግን እሱ ብቻውን ነው። ቃሉን አምነው ነው ቤቱ የገቡት። አሁን ከራሱ እቶን ጥራጊ አንስቶ ሰማይ ነው ብሎ አታለለን ሊሉ ነው። ቀጥቃጭ አጭበርባሪ ነው ይላሉ ድሮም።»

«እሱማ የገበያ ወሬ ነው! ድንጋዩ እውነተኛ ነው እኮ!»

ማርቆስ ፊቱን አዞረ። «ለምን ለእኔ ትነግረኛለህ?»

እየሮጥኩ አቶ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ወንበር አስመጡልኝ፣ ውሃ አስቀዱልኝ። ከዚያ ሰሙኝ። ዋጋ ለማውረድ ያልኩት ነው፣ በእኛ ገበያ ገዢ ያጣጥላል፣ ሻጭም ያውቀዋል፣ ውሸት አይባልም እያልኩ ቀባጠርኩ። ማግኔቷን አውጥቼ አሳየሁ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ጂንካ ገበያ እኛም ዶሮ ስንገዛ ከስታለች እንላለን» አሉ ቀስ ብለው። «ልጅ ልንድር ስንቀመጥ ግን አንልም።»

«እምላለሁ አቶ ወልዴ፣ በልጆቼ እምላለሁ!»

«ነጋዴ ሲምል የበለጠ እንፈራለን። ጠዋት ሰማዩን አር አልከው፤ ከሰዓት አሩን ሰማይ ትለዋለህ። ነገ ጠዋትስ?»

ውሃውን ጠጣሁ።

ቅዳሜ

ስነሳ ኢሳያስ የለም። ሳይነጋ ልብሱን ቋጥሮ ቆላ ወዳለችው ሃና ከተማ፣ የቀን ሥራ ፍለጋ ሄዷል። እናቱ ቁርስ አቀረበችልኝ፤ ሱሪዬን ሌሊት እሳት ላይ አድርቃ፣ ጭቃውን አራግፋ አጥፋዋለች። ያጠፋሁባት ሴት ያጠፈችውን ሱሪ መልበስ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም።

አቶ ደምሴ መቀጥቀጫው ዳር ተቀምጦ ወናፉን ራሱ እየረገጠ መኮትኮቻ ያግላል። አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። ከእቶኑ ሥር አንድ ጥቁር ነገር በጉጠት አነሳና ፊቴ ጣለው።

«ይሄ አር ነው» አለ። በመዶሻ ሲነካው እንደ ደረቅ ዳቦ ፈረሰ፤ ውስጡ ቀዳዳ ብቻ ነው። «ዕድሜዬን ጠረግኩት። አውቀዋለሁ። ያኛው አር አይደለም። አንተም ታውቃለህ። ስታነሳው ዓይንህን አየሁ።»

«አይተህ ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ለምን ውሸታም አላልከኝም?»

ብረቱን ወደ ፍሙ መለሰው። «እኔ ብናገር ማን ይሰማል? አንድ ጊዜ ሰሙኝ። እሱንም ሰማይ አብሮኝ ስለጮኸ ነው።»

ልሄድ ስነሳ ሚስቱን ጠርቶ ለመንገድ የሚሆነኝ ቦርዴ አስቀዳ። ቅሉን ይዤ ጠጋ አልኩት፣ እንዳየሁት ጉንጬን አስጠጋሁ። በእጁ ደረቴን ገታ አድርጎ አራቀኝ። ክፋት አልነበረበትም፣ እንደ ልማድ ነገር ነው።

«ለእንግዳ ለብቻ ነው» አለ።

ብቻዬን ጠጣሁ። ይጎመዝዛል።

ከዚያ በቁርበት የተጠቀለለውን አምጥቶ ማርቆስ ጀርባ ላይ አሰረው። ልጁ ቢመለስ ዓይኑ እንዳያርፍበት ውሰደው አለኝ። ገንዘብ አውጥቼ መቀመጫው ላይ አኖርኩ። አቶ ደምሴ ገንዘቡን በጉጠቱ አነሳ፣ በእጁ ሳይነካ፣ እንደጋለ ብረት አርቆ ይዞ መጥቶ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ።

«አር አይሸጥም። ዋጋውን አንተው ነግረኸናል።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ ማርቆስ አልቀለደም፣ እኔም አልወደቅኩም። ጂንካ የቅዳሜ ገበያ ደምቋል፤ አንዷ ሻጭ ቅቤዋን ታመሰግናለች፣ ገዢዋ ውሃ ነው ትላለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ቆሜ ሰማኋቸውና አለፍኩ።

መምህሩ ቁርበቱን ፈትቶ ጎድጓዳውን በጣቱ ዳሰሰ። «በላብራቶሪ ይረጋገጥ እንጂ እኔ ጥርጣሬ የለኝም» አለ። እባክህ ውጣና ንገርልኝ አልኩት። ቃሉን ጠበቀ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በእግሩ ወጥቶ ነገራቸው። በክብር ተቀብለው፣ አብልተው፣ አጠጥተው፣ በመጨረሻ አቶ ወልዴ «ከነጋዴው ጋር አንድ ቤት ነው ያረፋችሁት አሉ» ብለው ሸኙት። ይሄን በስልክ ሲነግረኝ ረቡዕ ዕለት ሻይ የከፈልኩበት አባባል ትዝ ብሎኝ ነበር፤ እሱም ትዝ ብሎት ይሆናል፣ ሁለታችንም አላነሳነውም።

እሑድ፣ ከዚያም ወዲህ

ስመለስ ድንጋዩን እግሬ ሥር አድርጌ ነበር የተጓዝኩት። የትም ስንቆም ለመውረድ አልቸኮልኩም። ወይጦ ላይ ያን ባለ በርጩማ ሰው በመስኮት ፈለግኩት፤ ፍየሎች ብቻ ናቸው ያሉት።

አዲስ አበባ በላብራቶሪ ተመረመረ። የሰማይ ብረት ነው፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱን በአይሱዙው ሾፌር ላክሁት። ማርቆስ ተራራ ድረስ አደረሰው። ለአቶ ወልዴ ያነበበችላቸው ታደለች ናት፤ በጋዘር ከተማ በኩል ለሌላ ተድራ፣ ወላጆቿን ልትጠይቅ መጥታ ነበር። አንብባ ስትጨርስ መልሳ አጠፈችውና ሰጠቻቸው።

«ምን አሉ?» አልኩት ማርቆስን በስልክ።

«ወረቀትም የሚሠራው እዚያው አዲስ አበባ ነው አሉ።»

«ኢሳያስስ?»

«ሃና ነው። አልተመለሰም።»

«አቶ ደምሴ… ቅሉ…»

«ለብቻው ነው ጋሼ።» ቀጠለና፣ «ማረሻውንም መሬት ላይ ነው የሚያስቀምጠው» አለ።

ድንጋዩን መልሼ ላምጣለት ብዬ አስጠየቅሁ። ካመጣው እሳት ውስጥ እከተዋለሁ ብሏል። እንዲህ ያለውን በግራም የሚገዛ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄዷል። አልሸጥኩትም፤ ደግ ሆኜ አይደለም፣ ዋጋ ልናገር ስል ጉጠቱ እየታየኝ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጧል።

ባለፈው ሰሞን አንድ ደንበኛ የተቆረጠ ቱቦ ሊገዛ መጥቶ በእግሩ ነካ አደረገው። «ይሄ ጥቁሩ ደግሞ ምንድነው ጋሽ ተካ?»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቄ ውስጥ ያለውን ዕቃ እንደሆነው አድርጌ ተናገርኩ። «ከሰማይ የወረደ ብረት ነው» አልኩት። «አሪ ተራራ ላይ፣ ደምሴ የሚባል ቀጥቃጭ ነው ያገኘው።»

ሰውየው ከልቡ ሳቀ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና፣

«እሺ፣ ቀልዱን ተወውና» አለ፣ «በኪሎ ስንት ነው?»